ደምን የሚቀምሰው አካል፦ የአንድ ግኝት ሁለት ባለቤቶች



የአንገታችን ደም ቅዳ ቧንቧ ለሁለት በሚከፈልበት ስፍራ፣ መጠኑ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ካሮቲድ አካል የተባለ ሥጋ አለ። የአናቶሚ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ቢያውቁትም ዕጢ ይመስላቸው ነበር።

ይህን አመለካከት የለወጠው የካሃል ደቀ መዝሙር የነበረው የማድሪዱ ፈርናንዶ ደ ካስትሮ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲመረምር የነርቭ ጫፎች የካሮቲድ አካልን ሕዋሳት ከበው አገኘ። እነዚህ ነርቮች ከአንጎል ትእዛዝ ያመጣሉ ወይስ ወደ አንጎል ወሬ ያደርሳሉ? ይህን ለመለየት ዘጠነኛውን የአንጎል ነርቭ ከአንጎል ግንድ በሚወጣበት ስፍራ ቆረጠው። ትእዛዝ አምጪዎች ቢሆኑ ኖሮ ከምንጫቸው ተለይተው በጠፉ ነበር፤ ጫፎቹ ግን ደህና ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ጥናትም፣ በአጠገቡ ያለው የቧንቧ ግድግዳ የደም ግፊትን ሲለካ፣ ካሮቲድ አካል ግን የደምን ኬሚካላዊ ይዘት እንደሚቀምስ ሐሳብ አቀረበ።

በሥራ ላይ ያለውን አካል ያሳየው የቤልጅየሙ ኮርኔይ ሃይማንስ ነው። በጌንት ከተማ፣ በውሾች ላይ ያንን የአንገት ክፍል ከቀረው የደም ዝውውር ለይቶ በነርቭ ብቻ ከአንጎል ጋር እንዲገናኝ አደረገ። ኦክስጅን ያነሰው ደም ሲያልፍበት የእንስሳው ትንፋሽ በረታ፤ ነርቩ ሲቆረጥ ግን ምላሹ ቀረ። ይኸው ሪፍሌክስ የደም ሥሮችንም ያጠባል። በራሱ የልብን ምት ያዘገያል፤ የበረታው ትንፋሽ ግን መልሶ ያፋጥነዋል። እስትንፋስና የደም ዝውውር በአንድ ምልክት የተሳሰሩ መሆናቸው በዚህ ይታያል።

የ1938 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለሃይማንስ ብቻ ተሰጠ። በዚያው ዘመን ስፔን እ.ኤ.አ. በ1936 በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ትታመስ፣ ማድሪድም የጦር ግንባር ሆና ነበር። ደ ካስትሮ ከክብሩ ድርሻ አላገኘም።

ሃይማንስ ሽልማቱ አይገባውም ማለቴ አይደለም፤ ያለ እርሱ ሙከራ የደ ካስትሮ ሐሳብ ግምት ሆኖ በቀረ ነበር። ሆኖም የትኛው ሥጋ ምን እንደሚቀምስ አስቀድሞ የጠቆመው ደ ካስትሮ ነው። ተማሪዎቻችንን ይህን ሪፍሌክስ ስናስተምር የአንዱን ስም ብቻ ከጠራን፣ የምናስተምረው መልሱን እንጂ መልሱ የተገኘበትን መንገድ አይሆንም።