አኩፓንክቸር

አኩፓንክቸር ፀጉር መሰል ቀጫጭን መርፌዎችን በተመረጡ የሰውነት ነጥቦች ላይ በመትከል የሚሰጥ ጥንታዊ የቻይና ሕክምና ነው። መርፌው መድኃኒት አይዝም። የቻይና ሐኪሞች «ቺ» የሚሉት የሕይወት ኃይል በሰውነት ውስጥ በመስመሮች ይዘዋወራል ብለው ያስረዳሉ፤ መስመሮቹን ግን እስካሁን በአካል ያሳየ የለም። ተመራማሪዎች ይልቁን መርፌው ነርቮችን ቀስቅሶ ሰውነት የራሱን ሕመም ማስታገሻ፣ ኢንዶርፊንን፣ እንዲያመነጭ ያደርጋል ይላሉ።

በብዛት የተጠናው ለወገብ፣ ለአንገትና ለጉልበት ሕመም እንዲሁም ለማይግሬን ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የጀርመን ጥናት 1,162 የወገብ ታማሚዎችን ተከታተለ። ከስድስት ወር በኋላ መርፌ ከተወጉት 47.6 በመቶው፣ በተለመደው ሕክምና ከታከሙት ደግሞ 27.4 በመቶው ተሻላቸው። አስገራሚው ሦስተኛው ቡድን ነው፦ ሆን ተብሎ ከነጥቡ ውጭ፣ ያውም ላይ ላዩን ከተወጉት 44.2 በመቶው ተሽሏቸዋል። ስለዚህ ያሻለው የነጥቡ ምርጫ ነው፣ መወጋቱ ወይስ እምነቱ? ክርክሩ አልተቋጨም።

ሌላው ማቅለሽለሽ ነው። ከእጅ አንጓ በውስጥ በኩል ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ያለው «ኔይጓን» የተባለው ነጥብ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን ማቅለሽለሽ ያስታግሳል። በ1997 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤም ይህን ተቀብሎ በካንሰር መድኃኒት (ኬሞቴራፒ) የሚመጣውን ጨምሮበታል። አኩፓንክቸር ካንሰሩን ራሱን ግን አያድንም።

መርፌው ንጹሕና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆን አለበት። ደረት ላይ በጥልቀት ከተወጋ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ሳንባ ሊበሳ ይችላል።