ሦስት ስሞች፣ አንድ ውሃ፦ የማርሳቢት ተራራና ሐይቁ

ከቡቲዬ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው የሶሎሎን መገንጠያና ቱርቢን አልፎ፣ የዲዳ ጋልጋሉን ድንጋያማ ሜዳ ካቋረጠ በኋላ፣ ጉም የለበሰ አረንጓዴ ተራራ ከፊት ለፊቱ ይቀበለዋል። ይህም ከሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የማርሳቢት ተራራ ነው። ቀድሞ በጭነት መኪና ላይ አቧራ እየጠጡ የሚጓዙበት መንገድ፣ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ በአስፋልት ከተሠራ ወዲህ የጥቂት ሰዓታት ጉዞ ሆኗል። ስለዚህም ዛሬ ወደ ማርሳቢት የሚወጣው ነጋዴና ባለጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ደኑንና ሐይቁን አይቶ መንፈሱን ለማደስ የሚሻ ሁሉ ሊሄድበት ይችላል። ይሁን እንጂ የሚጎበኙትን ሥፍራ ታሪክ ሳያውቁ መጎብኘት የሰው ቤት ገብቶ ባለቤቱን ሳይጠይቁ እንደ መውጣት ነው። የማርሳቢትን ታሪክ ደግሞ ስሞቹ ይነግሩናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስም ራሱ «ማርሳቢት» ነው። ስለ አመጣጡ የሚነገረው ብዙ ቢሆንም፣ አማርኛ አንባቢን ይበልጥ የሚስበው «ማርሳ ቤት» ከሚለው ቃል መጣ የሚለው ትውፊት ነው። እንደሚባለው ማርሳ የቡርጂ ተወላጅ ገበሬ ሲሆን፣ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ከሜጋ መጥቶ በተራራው ተዳፋት ላይ እርሻ አስለምዷል። ትውፊቱን እንደ ትውፊት እንያዘው። የማያጠራጥረው ግን የቡርጂ ገበሬዎች ከኢትዮጵያ በኩል መጥተው በተራራው ላይ መስፈራቸውና መሬቱን አርሰው ማልማታቸው ነው። በ1907 በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው የድንበር ውል አገሩን ለሁለት ቢከፍለውም፣ የሰዎቹን መንገድና ዝምድና አልቆረጠም።

ሁለተኛው ስም የሐይቁ ሲሆን፣ «ጎፍ ሶኮርቴ ጉዳ» ይባላል። «ጎፍ» በአካባቢው ቋንቋ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ጥልቅ ጎድጓዳ ሥፍራ ማለት ነው፤ «ጉዳ» ደግሞ ትልቅ። በተራራው ላይ እንዲህ ያሉ ጎድጓዳ ሥፍራዎች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም ሰፊ የሆነው የጎፍ ቦንጎሌ ጠርዝ ዙሪያው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ተራራው ከፍታው 1,700 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በስተምዕራብ የጫልቢ በረሃ፣ በዙሪያውም ደረቅ ሜዳ ከቦታል። በዚህ መካከል ደን ሊኖር የቻለው በጉም ምክንያት ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነፍሰው እርጥበት አዘል ነፋስ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ሌሊት ጉም ይሆናል፤ ማለዳም በዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠባጥቦ አፈሩን ያርሳል። በደኑ ውስጥ ጢም መስሎ ከዛፎቹ ላይ የሚንጠለጠለው ሽበትም ከዚሁ ጉም የሚጠጣ ነው። አርብቶ አደሩ ታዲያ ተራራውን የሚያውቀው በውበቱ ሳይሆን በክፉ ቀን መሸሸጊያነቱ ነው።

ሦስተኛው ስም ከሩቅ የመጣ ነው። አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ማርቲንና ኦሳ ጆንሰን ከ1924 እስከ 1927 ድረስ በሐይቁ ዳር ሠፍረው ዝሆኖችንና ሌሎች አራዊትን በፊልም ቀረጹ። ሐይቁንም በእንግሊዝኛ «ገነት» ብለው ጠሩት፤ ኦሳ በ1941 ያሳተመችው መጽሐፍ ስሙን በዓለም አናኘው። ዛሬም ቱሪስቱ የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው። ነገር ግን ገነት ሲባል ሰው ያልደረሰበት፣ ባለቤት የሌለው ምድር ያስመስላል። ሐይቁ ግን ጆንሰኖች ከመምጣታቸው በፊት ስም ነበረው፤ ስም ያወጡለት ሰዎችም ከብቶቻቸውን ያጠጡበት ነበር።

የተራራው ዝነኛ ነዋሪ ዝሆኑ አሕመድ ነበር። እያንዳንዳቸው 67 ኪሎ ያህል የሚመዝኑ ጥርሶቹ መሬት ሊነኩ ጥቂት ይቀራቸው ነበር። አዳኞች እንዳይገድሉት በመሥጋት ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ በ1970 በአዋጅ ጥበቃ እንዲደረግለት አዘዙ፤ በዘቦች እየተጠበቀ ኖሮ በ1974 በተፈጥሮ ሞት ሞተ። ምስሉም በናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ቆሞ ይታያል።

አሕመድ በአዋጅ ተጠበቀ፤ የተራራውን ውሃ የሚጋሩትን ሰዎች ሰላም መጠበቅ ግን ከአዋጅ በላይ ሆኖ ቆይቷል። ወደ ማርሳቢት የሚወስደን መንገድ የሚያልፍባት ቱርቢ፣ በሐምሌ 2005 ከ50 በላይ ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕፃናት፣ ያለቁባት ሥፍራ ናት። በሚያዝያ 2006 ደግሞ ለሰላም ጉባኤ ወደ ማርሳቢት ይጓዙ የነበሩ የአካባቢው የሕዝብ እንደራሴዎችና ባለሥልጣናት የተሳፈሩበት ወታደራዊ አውሮፕላን በተራራው አጠገብ ወድቆ 14 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱ አንዱ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዶክተር ቦናያ ጎዳና ነበሩ። ከዚህ ቀደም ብሎ የጠቀስነውን መልክዐ ምድር የሚያይ ሰው ይህንንም ሊያስታውስ ይገባል።

ሐይቁ ራሱ ዘላለማዊ አይደለም። ድርቅ ሲበረታ ይጎድላል፤ ፈጽሞ ደርቆ መሬቱ የተሰነጣጠቀበት ጊዜም አለ። ዝናም ለተከታታይ ወቅቶች በቀረበት ከ2020 እስከ 2023 ባለው ዘመን የማርሳቢት አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን በገፍ አጥተዋል። ደኑ ከተመነጠረ ጉሙ የሚያርፍበት ዛፍ ያጣል፤ ዛፉ ሲጠፋም ውሃው ይከተላል።

እንግዲህ ለመጎብኘት ያሰቡ አንባብያን ከሐይቁ በላይ ካለው የጎፉ ጠርዝ ላይ ሆነው፣ ጉሙ የሚገለጥበትን ረፋድ ቢጠብቁ ሐይቁን ከነደኑ ያያሉ። ለብርዱ ወፍራም ልብስ መያዝ ይበጃል። ዝሆንና ጎሽ ስላለ በእግር መሄድ የሚቻለው ከፓርኩ ጠባቂ ጋር ብቻ ነው። እሳት ትቶ መሄድና ቆሻሻ መጣል የተከለከለ መሆኑን ለልጆች አስቀድሞ መንገር ያሻል። በመንገድ ላይ መንጋ የሚነዳ እረኛ ቢገጥማችሁ መኪናችሁን አቁማችሁ አሳልፉት፤ እርሱ ወደ ሐይቁ የሚሄደው ለሽርሽር አይደለምና። ሰላምታ ሰጥታችሁም የሐይቁን ስም ጠይቁት። የሚነግራችሁ ስም ከ«ገነት» ይቀድማል።