ስግድ፤ የቤተ እስራኤል የተራራ ጉባኤ



በዚህ ዕትማችን የምናነሣው የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በጎንደር ምድር፣ በእኛው ጎረቤት፣ ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ የኖሩት የቤተ እስራኤል ታሪክ ነው። ርስት ተነፍገው፣ «ፈላሻ» እና «ቡዳ» እየተባሉ፣ በትናንሽ መንደሮች ተበታትነው ሳለ እንዴት አንድ ሕዝብ ሆነው ቆዩ ቢባል፣ ከመልሶቹ አንዱ በዓመት አንድ ጊዜ የሚውለው የስግድ በዓል ነው።

ስግድ ከማስተሥረያ ጾም በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል፤ ስሙም ሰገደ ከሚለው የግዕዝ ቃል የወጣ ነው። ሕዝቡ ከየመንደሩ በእግሩ ተጉዞ ይሰበሰብ ነበር፤ በኋለኛው ዘመን ስሙ የገነነው ቦታ ከጎንደር ከተማ ብዙ የማይርቀው አምቦበር ነው። በማለዳ ነጭ ለብሰው፣ እንደ ጾሙ፣ ቄሶቹ ኦሪትን ይዘው ወደ ተራራው ይወጣሉ። ከምእመናኑም ብዙዎች ለትሕትና ምልክት ድንጋይ ይሸከማሉ። ድንጋይ መቼም ባለጠጋና ድኻ አይለይም!

ከተራራው ላይ በግዕዝ ከሚነበቡት መካከል በሲና ሕግ የተሰጠበት የኦሪት ክፍልና መጽሐፈ ነህምያ ይገኙበታል። ነህምያ የሚተርከው ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በአንድ አደባባይ ቆሞ ሕጉን እንደሰማ፣ እንዳለቀሰና ቃል ኪዳኑን እንዳደሰ ነው። ያን ጊዜ ሌዋውያን ትርጉሙን ለሕዝቡ ያስረዱ ነበር፤ በጎንደርም ግዕዙን ለማያውቀው ገበሬ ቄሶቹ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጉሙለት ነበር። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሕጉ የካህናት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከሰዓት በኋላ ከተራራው ወርደው ጾሙን በአንድነት ይፈታሉ፤ ዘፈኑም ይቀልጣል።

ከዚያ የስደት ዘመን መጣ። እኛ ሐርጌሳ ላለነው ይህ ክፍል ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በሺህ የሚቆጠሩት በእግር ሱዳን ገብተው፣ ገዳሪፍ አጠገብ ባለው እንደ ኡም ራኩባ ባለ ካምፕ ማንነታቸውን ደብቀው ተቀመጡ። በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 የሚጠጉ እንደሞቱ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. 8,000 ያህሉ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተሻገሩ። (ያው ኡም ራኩባ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ለሸሹ ወገኖቻችን እንደገና ተከፍቷል።)

የናፈቋት ኢየሩሳሌምም ወዲያው እጇን አልዘረጋችም። የአገሩ የሃይማኖት አለቆች አይሁድነታቸው እንዲረጋገጥ በውኃ ይጠመቁ ቢሏቸው፣ በ1978 ዓ.ም. መግቢያ ከአለቆቹ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ነህምያን በየዓመቱ ሲሰማ ለኖረ ሕዝብ በአደባባይ አብሮ መቆም እንግዳ ነገር አልነበረም።

በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ፓርላማ ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ አወጀ። ዛሬ ከየከተማው በአውቶቡስ መጥተው ኢየሩሳሌምን ቁልቁል ከሚያሳየው ኮረብታ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ቄሶቹም በኅብረ ቀለም ጃንጥላ ሥር ቆመው ዛሬም በግዕዝ ይጸልያሉ።