በአዋጅ ያልተሻረው የቻይናውያን ዘመን መለወጫ

አንድ መንግሥት የሕዝቡን ዘመን መለወጫ በትእዛዝ ለመሻር ይቻለዋልን? የራሳችን የዘመን አቆጣጠር ላለን ለእኛ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይሆንብንም፤ የቻይናም ታሪክ በቂ መልስ ይሰጥበታል።

የቻይና የጥንት አቆጣጠር ወሮቹን በጨረቃ ቆጥሮ ከፀሐይ ዓመት ጋር የሚያስማማ ስለ ሆነ፥ ዘመን መለወጫቸው ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ የሚውለውም በእኛ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ዝግጅቱ አንድ ሳምንት ያህል አስቀድሞ ይጀመራል። በልማዳቸው የምድጃው አምላክ ዓመቱን ሙሉ ያየውን የቤቱን ጠባይ ወደ ሰማይ ወጥቶ ይናገራል ተብሎ ስለሚታመን፥ ክፉ እንዳይናገር በሥዕሉ ከንፈር ላይ ማር ወይም የሚያጣብቅ ጣፋጭ ይቀባል። ከዚያም ቤቱ ይጠረጋል፤ መልካም ምኞት የተጻፈበት ቀይ ወረቀት በበሩ ግራና ቀኝ ይለጠፋል፤ ዕዳ ያለበትም ዓመቱ ሳያልፍ ለመክፈል ይጣደፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዋዜማው ማታ ነው። በሩቅ አገር የሚሠራው ልጅ ሳይቀር ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል፤ ለሙታን አያቶች መባ ከቀረበ በኋላም ሁሉም በአንድ ገበታ ይቀመጣሉ። በሰሜኑ ክፍል ሥጋና ጎመን በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ ይቀቀላል። ዓሣም ይቀርባል፥ ነገር ግን ተበልቶ እንዲያልቅ አይደረግም፤ በቋንቋቸው «ዓሣ» እና «ትርፍ» ድምፃቸው አንድ ነውና፥ መትረፉ የመጪው ዓመት የጥጋብ ምልክት ነው። ሲነጋም ልጆች ለታላላቆቻቸው እጅ ነሥተው በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ገንዘብ ይቀበላሉ። ያገባችውም ሴት ልጅ በሁለተኛው ቀን ከባሏ ጋር ወላጆቿን ትጠይቃለች።

እንግዲህ ይህን በዓል የገጠመውን እንመልከት፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1912 ሪፐብሊክ በቆመ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ሱን ያት ሴን የአውሮፓው አቆጣጠር የመንግሥት እንዲሆን አወጁ። «ዘመን መለወጫ» የሚለው ስም ለጃንዋሪ 1 ቀን ተሰጠና፥ ጥንታዊው በዓል «የጸደይ በዓል» ተባለ። ከ1928 በኋላም የናንኪንግ መንግሥት የአሮጌውን ቀን መቁጠሪያ ማተም ከለከለ፤ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች በበዓሉ ዕረፍት እንዳይሰጡም አዘዘ። ሕዝቡ ግን ሁለት ዘመን መለወጫ ያዘ፤ አንዱን ለመሥሪያ ቤቱ፥ ሁለተኛውን ለቤቱ። መንግሥቱም በ1934 ቁጥጥሩን አላላ።

በ1949 የተቋቋመው ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ለበዓሉ የሦስት ቀን ዕረፍት ፈቀደ። ይሁን እንጂ በባህል አብዮት ዘመን፥ በ1967፥ ዕረፍቱ ተሰረዘ፤ ሠራተኛው በበዓሉ ቀን በሥራው ላይ እንዲውል ተደረገ፤ የምድጃው አምላክና የአያቶች መባም እንደ ኋላ ቀር ልማድ ተወገዙ። ዕረፍቱ የተመለሰው በ1980 ነው። በ2024 ዩኔስኮ በዓሉን በሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዘገበው፤ ከ2025 ጀምሮም የዋዜማው ቀን ራሱ የመንግሥት ዕረፍት ሆነ።

አንባብያን ሆይ፤ የአዋጁ ጕልበት ምን ያህል እንደ ነበረ አስተውሉ። ደብዳቤው፥ ደመወዙ፥ የባቡሩ ሰዓት ዛሬም የሚሄዱት በአዲሱ አቆጣጠር ነውና፥ በዚህ በኩል አዋጁ ተሳክቶለታል። በዓሉ ግን የሚዘጋ አንድ ቤተ መቅደስ፥ የሚሻር አንድ አለቃ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ምድጃ መቅደሱ፥ እያንዳንዷ እናት ጠባቂው ነበረች። ስለዚህ ትእዛዝ የሚጽፍም ሆነ የሚያስፈጽም ሰው፥ ቃሉ እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ፈጥኖ እንደሚደርስ፥ ከቤተ ሰብ ገበታ ለመድረስ ግን የሕዝቡን ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ ታሪክ ይማራል።