የተፋቀ ብረት፦ አንድ አሮጌ የውድድር ሞተርሳይክልና የታሪክ ማስረጃ



በታሪክ ትምህርት መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ሞተርሳይክል መናገሬ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ጥያቄው ግን ለሙያችን እንግዳ አይደለም። አሮጌ ነገር ስናድስ የምንመልሰው የትኛውን ዘመኑን ነው? የምናጠፋውስ የትኛውን?

ሞተርሳይክሉ ቡልታኮ ሼርፓ ቲ ይባላል። ባርሴሎና ውስጥ የተሠራው ትራያል ለሚባለው ውድድር ነው። በትራያል ዋናው ነገር ፍጥነት አይደለም፤ ተወዳዳሪው በቋጥኝ፣ በጭቃና በጅረት መካከል ሲያልፍ እግሩን መሬት ባስነካ ቁጥር ቅጣት ይመዘገብበታል፤ ቅጣቱ ያነሰ ያሸንፋል።

የሼርፓ ቲ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ገድል ነው። ሰሜን አየርላንዳዊው ሳሚ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ፋብሪካው መጣ፤ በ12 ቀናት ሥራ ሞተርሳይክሉን አዲስ መልክ አስያዘው፤ በ1965 በስኮትላንድ የስድስት ቀን ትራያል አሸነፈበት። ከብሪታንያ ውጭ የተሠራ ሞተርሳይክል በዚያ ውድድር ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ገድል ጻድቁን ለማጉላት ሲል ዘመኑን ያሳንሳል። ሚለር ቀደም ሲል የሚያሸንፍበት አሪየል 500 ሲሲ ባለ አራት ምት ሲሆን፣ ኩባንያው የዚህን ዓይነት ሞተር ማምረት ያቆመው በ1959 ነው፤ ጀግናው የተቀመጠበት ፈረስ ዘር አልነበረውም ማለት ነው። በስፔን ደግሞ ፍራንሲስኮ ቡልቶ ከሞንቴሳ ተለይቶ ቡልታኮን በ1958 ሲያቋቁም፣ ሲአት 600 የተባለችው ትንሽ መኪና በዚያችው ከተማ መመረት ከጀመረች አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። ሞተርሳይክል ይገዛ የነበረው ቤተሰብ ዓይኑን ወደ መኪና ሲያነሣ፣ ፋብሪካው ገዢ ከባሕር ማዶ መፈለግ ነበረበት። 12ቱ ቀናት የተገኙት ከእነዚህ ዓመታት ነው።

ይህን ከመጻሕፍት ማወቅ ይቻላል። መጻሕፍት የማይነግሩንን ያየሁት ለዶክትሬት ጥናቴ ባርሴሎና በነበርኩበት ጊዜ፣ አንድ ጡረተኛ መካኒክ የራሳቸውን ሼርፓ ሲያድሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ በማገዝ ነው። መጀመሪያ ያደረግነው የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ማመሳከር ነበር፤ ሊብሬ ያወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቁጥሮቹ አንድ ነበሩ። ሰውየው በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ። እኔን የሳበኝ ግን ከፋብሪካ ያልወጣው ነገር ነው።

ካቴናው የሚዞርበት የኋላው ባለ ጥርስ ብረት ለትራያል ከሚገጠመው ያነሰ ነበር። የኋላው ጥርስ ሲያንስ ሞተርሳይክሉ አቀበት ላይ ጉልበት ያጣል፤ በአስፋልት ላይ ግን ይፈጥናል። በኋላው የጭቃ መከላከያ ላይ በእጅ የተበሱ አራት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ዕቃ መጫኛ የታሰረባቸው ይመስላሉ። ከዚህ ተነሥቶ የውድድሩ ሞተርሳይክል ወደ ሥራ መመላለሻነት ወርዷል ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን የእግር ማሳረፊያዎቹ ከመጀመሪያ ቦታቸው ተነቅለው ወደ ኋላ ተበይደዋል፤ ብየዳው ሻካራ ነው፣ የፋብሪካ እጅ አይደለም። ይህን የሚያደርገው ክብደቱን ወደ ኋላ ጎማ አሳርፎ ቋጥኝ መውጣት የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ስሙ በየትኛውም የውድድር መዝገብ ላይ የሌለ አንድ ሰው፣ ምናልባትም በሳምንቱ ቀናት ሥራ እየተመላለሰበት፣ እሑድ እሑድ ተራራ ይወጣበት ነበር ብዬ ገመትኩ።

ባለቤቱ የፈለጉት ሞተርሳይክሉ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረውን መልክ ነው። ሻንሲው በአሸዋ ግፊት ይፋቃል፣ ብየዳው ይቆረጣል፣ ጥርሱ ይለወጣል። እኔ ተቃወምኩ። በአገራችን የብራና ወንጌሎች ኅዳግ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ ተመዝግቦ እንደሚገኝ፣ መጽሐፉ እንደገና ሲጠረዝ ጠርዙ ቢከረከም ቃለ ወንጌሉ እንደማይጎድል፣ የአገሩ ታሪክ ግን አብሮ እንደሚቆረጥ ነገርኳቸው። ረጋ ብለው አዳመጡኝና፣ «ሞተሩ የእኔ ነው፤ ታሪኩን አንተ ውሰደው» አሉኝ። መልሳቸው ቀልድ ቢመስልም ክብደት ነበረው። ዝገት ማስረጃን አያከብርም፤ ያልተፋቀ ሻንሲ ውሎ አድሮ ራሱ ይጠፋል። የሚጋልቡትም እርሳቸው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። የፋይበርግላስ ነዳጅ መያዣው ጉዳይ ደግሞ ሁለታችንንም አስቸገረ፤ በዛሬው ቤንዚን ውስጥ ያለው ኢታኖል እንዲህ ዓይነቱን አሮጌ መያዣ ከውስጥ ስለሚያሟሟው፣ ወይ በሌላ ሽፋን መቀባት፣ ወይ ባዶውን ማስቀመጥ ነው። የፋብሪካውን መልክ የሚጠብቅ ሰው እንኳ ከፋብሪካው ዘመን ቤንዚን ማግኘት አይችልም።

በመጨረሻ ተስማማን ለማለት ይከብደኛል፤ ተካፈልን ማለት ይሻላል። ሦስት ምሽት ፈጅቼ እያንዳንዱን ብየዳ፣ ቀዳዳና የቀለም ንብርብር ለካሁ፣ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ሻንሲው ተፋቀ፤ ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ። የእግር ማሳረፊያዎቹን ግን ሰውየው አንድ ጊዜ ቆመው ከሞከሯቸው በኋላ አላስቆረጧቸውም፤ ያ ያልታወቀ ሰው ልክ ነበር አሉ። ትንሹን ጥርስ ለእኔ ሰጡኝ፤ ይኸው ይዤው መጥቻለሁ። እየተቀባበላችሁ ተመልከቱት፤ ጥርሶቹ በየትኛው ጎን ይበልጥ እንደተበሉ ልብ በሉ፤ ከዚያ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሄዳለን።