የካላዛር መርፌና የልብ ወረቀት

ካላዛር ይዞት መርፌ የሚጀምር ሰው ደረቱ ላይ ሽቦ ለምን ይለጠፍበታል? አንዳንዶቻችሁ «ኤሌክትሪክ ይለቁብናል» ስትሉ ሰምቻለሁ። መሣሪያው ምንም አይለቅም፤ ልባችን ራሱ በየምቱ የሚያመነጨውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ ይጽፋል እንጂ።

መሣሪያውን ለሥራ ያበቃው ሆላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን ነው፤ በ1903 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። ያን ጊዜ ክብደቱ 270 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ሦስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው! በሽተኛው ሁለት እጁንና አንድ እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር።

መርፌው ደግሞ የሚሠራው ከአንቲሞኒ ነው፤ በጥንት ዘመን ኩል ይሠራበት ከነበረው ማዕድን። በ1918 ዶክተር ክሪስቶፈርሰን እዚሁ ሱዳን፣ ካርቱም ውስጥ፣ አንቲሞኒ በደም ሥር ሲሰጥ ቢልሃርዚያን እንደሚያድን አሳዩ። በኋላ የተሻሻለው ዓይነት የካላዛር ዋና መድኃኒት ሆነ። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ ከገዳሪፍ እስከ መተማና ሁመራ ለእርሻ ሥራ ወርዶ በዚህ መርፌ የዳነው ብዙ ነው።

ነገር ግን መድኃኒቱ ልብንም ይነካል። ይህም በ1940 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በልብ ወረቀት ላይ የታየ ነው። በወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ምት ትንሽ ጉብታ፣ ከዚያ ሹል ጫፍ፣ መጨረሻ ላይ ቲ የሚባል ክብ ጉብታ አለው። መርፌው ሲበዛ ቲ ይተኛል ወይም ይገለበጣል። ይህ ብቻውን ብዙ ጊዜ አያስፈራም፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይመለሳል። የሚያስፈራው ከሹሉ መነሻ እስከ ቲ መጨረሻ ያለው ርቀት ሲረዝም ነው። ኪው ቲ ይሉታል። ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ ካሬ 0.2 ሰከንድ ነው። ኪው ቲ ከልብ ፍጥነት ጋር ተሰልቶ ሁለት ካሬ ተኩል፣ ማለትም 0.5 ሰከንድ ካለፈ መርፌው ይቆማል። አለበለዚያ ምቱ ድንገት ተዘበራርቆ ሰው ወድቆ ሊቀር ይችላል፤ አስቀድሞም ምንም ላይሰማው ይችላል።

ድሮ መርፌው 30 ቀን ይሰጥ ነበር። በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ከፓሮሞማይሲን ጋር 17 ቀን እንዲሆን መከረ። በ2022 ደግሞ የገዳሪፏ ዶካ የተካፈለችበት ጥናት ታተመ፤ አንቲሞኒ የሌለበት የ14 ቀን ሕክምና ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል።

አሁን በአንቲሞኒ መርፌ ላይ ያላችሁ፣ ቢያዞራችሁ፣ ልባችሁ ቢዘልል ወይም ራሳችሁን ብትስቱ የሚቀጥለውን መርፌ ሳትወስዱ ለነርሷ ንገሩ። ትውከትና ተቅማጥም አትደብቁ፤ የሰውነትን ጨው ስለሚቀንስ ልብን ያባብሳል። የወባ ኪኒን ወይም ሌላ መድኃኒት ከወሰዳችሁ ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ።