ቴስታታው ይከፈት ተባልን

ወዳጆቼ፣ ባለፈው ሰሞን የቤታችን አሮጌ ሱዙኪ ቪታራ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ዳገት ሳትጨርስ ውሃ አፈላች። ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ አየና "ጓርኒሲዮን በልታለች፣ ቴስታታው ይከፈት" አለ። የጠራው ዋጋ ስንት ወር ጡረታዬን እንደሚበላ እናንተው አስሉት። "እንመለሳለን" ብለን ወጣን።

ማታ አባቴ የተወልኝን የመፍቻ ሣጥን አውጥቼ ከልጄ ጋር ቁጭ አልን። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ እያልኩ ስም ስነግራት "አባዬ፣ ይሄ ሁሉ አማርኛ ነው?" አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ይህን ሣጥን እንደ ታሪክ ሰነድ አይቼው አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ መንገድ በሌለበት አገር በሰውና በከብት ጉልበት ጭምር እያስጎተተ አመጣት፤ አፄ ምኒልክም ተሳፍረው ሞከሯት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የፈረንጅ ዕቃ ሆና ቆየች።

የእጅ ሙያው ወደ ሰፊው ሕዝብ የወረደው በ1928 ዓ.ም. ከጣልያን ወረራ ጋር ነው። ጦሩንና የመንገድ ሥራውን የሚያገለግሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች ገቡ። የእኛ ሰዎች ረዳት፣ ጎማ ለዋጭ፣ ዕቃ አቀባይ ሆኑ። ከነፃነት በኋላም አገር ውስጥ የቀሩ ጣልያኖች ጋራዥ ከፍተው ሠሩ። ማንም መጽሐፍ አልሰጠም፤ "አቀብል" ሲባል የሰማውን ስም ይዞ ያቀብላል። እንዲህ ነው ሙያው ከነቃሉ የገባው።

ቃላቱን ፍቱልኝ ካላችሁ ደግሞ ይገርማችኋል። ካንዴላ ማለት ሻማ ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ነው። ማርሚታ ድስት ነው። ፍሬቻ ቀስት ነው፤ በድሮ መኪኖች ላይ ከጎን እንደ ክንድ ብቅ የምትል ምልክት ነበረች። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ናፍጣ፣ ራሷ መኪናም ሳትቀር ከዚያው ናቸው። ካዛንቺስንና መርካቶን ያወረሰን ዘመን የሣጥኔንም ዕቃ ሰይሞልኛል። ደግነቱ አዲሱ ገበያ በራሳችን አማርኛ ተርፏል!

ሁለተኛው ንብርብር እንግሊዝኛ ነው። በ1934 ዓ.ም. ተግባረ እድ ተከፍቶ ሙያው ክፍል ውስጥ መማር ጀመረ። ላንድሮቨርም መጣ። ላንድሮቨር ራሱ የችግር ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ ከጦርነቱ ማግስት ብረት ስለተቸገረች ቦዲውን ከአሉሚኒየም ሠራችው። ቀጥሎ የጃፓኑ ላንድክሩዘር ገጠሩን ወረሰ፤ እኛም "ኮብራ"፣ "ሃርድቶፕ" እያልን ስም አወጣንለት።

በደርግ ዘመን ዶላር ጠፋ፤ ከዶላሩም ጋር ስፔር ፓርት ጠፋ። ላዳና ዋዝ በብዛት ገቡ፤ የቀድሞዎቹ መኪኖች ግን አልተጣሉም። የአንዱን ለሌላው ሞርዶ መግጠም፣ የተሰበረውን በየዳ ማዳን፣ ሱማሌ ተራ ወርዶ የታረደ መኪና ዕቃ መፈለግ ልማድ ሆነ። አባቴ እሁድ እሁድ ግቢ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ ከመኪና ሥር የሚገባው ወዶ አልነበረም። አማራጭ ስላልነበረው ነው።

ወደ ቪታራችን ልመለስ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የዘይቱን ሊጥ አወጣሁ፤ ውሃ የገባበት ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል፣ የእኛ ግን ንጹሕ ነበር። ከማርሚታው ነጭ ጭስ አይወጣም። የራዲያተሩን ክዳን ስፈታው ግን ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል።

እዚህ ላይ የሰፈራችን ጂኦግራፊ ይገባል። ውሃ በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ በእኛ ከፍታ ግን በ92 ገደማ፣ የእንጦጦ ጋራ ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። የሞተር ጤነኛ ሙቀትም ወደ 90 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ጤነኛ ሞተርም ዳገት ላይ ያፈላል። ክዳን ቀየርን፣ ውሃ ሞላን፣ በማግስቱ ሱሉልታ ደርሰን ተመለስን። (አደራ፣ ትኩስ ራዲያተር አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል። ከክዳን በኋላም ውሃ የሚጎድል ከሆነ መካኒክ ይያት።)

መካኒኩን ለመውቀስ አይደለም የጻፍኩት። እሱም እንደ አያቶቹ በጆሮ የተማረ ልጅ ነው፤ ክዳኑ ለምን ግፊት እንደሚይዝ ማን ነገረው? እኔም ብሆን አባቴ ሲሠራ ባላይ ኖሮ ቴስታታውን አስከፍቼ ነበር።

ይህን አሁን የማነሳው በምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የዕቃ ዋጋ አሻቀበ። እንግዲህ በየግቢያችን የቆሙት አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። የኤሌክትሪኮቹ ደግሞ ሦስተኛውን ንብርብር ይዘው መጥተዋል፦ ሴንሰር፣ ሶፍትዌር፣ ኢንቨርተር። እሱንም እንደ ካቻቢቴ በጆሮ ብቻ ልንቀበለው ነው ወይ?

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከእናንተ ውስጥ ጋራዥ ያላችሁ፣ ፖሊቴክኒክ የምታስተምሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምታውቁትን ከነምክንያቱ በአማርኛ ጻፉት፤ አንድ ገጽም ትሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከአባቶቻችሁ የሰማችሁትን የጋራዥ ቃል ከሥር አስፍሩልኝ። ልጄ ደብተር ይዛ መመዝገብ ጀምራለች፤ እስካሁን 41 ደርሳለች።

ቸር እንሰንብት።